ጥንቅሽ፣ ወባና «የተሳሳተ ግንዛቤ»

ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያቋርጠው የራያ ሜዳ፣ በምዕራብ በወሎ ደጋ ተራሮች፣ በምሥራቅ በዞብል ሰንሰለት የታጠረ የማሽላ አገር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከምዕራቡ ተራራ የወረደው ጎርፍ ማሳውን አጠጥቶ የተረፈው በየረባዳው ይተኛል፤ ማሽላው ያሸታል፤ ልጆችና እረኞች ጣፋጩን አገዳ፣ ጥንቅሹን፣ እየለዩ ይቆርጣሉ። ወባም የሚበረታው በዚያው ሰሞን፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ጥንቅሽ ያበዛ ልጅ ወባ ይይዘዋል የሚለው እምነት ከዚህ ግጥምጥሞሽ መወለዱን ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

እምነቱ የራያ ቆላ ብቻ አይደለም። ወባ በሚበዛባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ስለ ኅብረተሰቡ ዕውቀት፣ አመለካከትና ልማድ የተደረጉ ጥናቶች ሲገለጡ፣ «ወባ ከምን ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች መካከል የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ መምጠጥ፣ ከረሃብ፣ ከብርድና ከቆሻሻ ውኃ ጋር ተሰልፎ ይገኛል። በጥናቶቹ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚሰፍርበት ረድፍ «የተሳሳተ ግንዛቤ» ይባላል። በመደምደሚያው ላይም የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ የጤና ትምህርት ሊጠናከር ይገባል የሚል ዓረፍተ ነገር ይከተለዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከጥናት ወደ ጥናት ቃሉ እምብዛም ሳይለወጥ ሲዘዋወር የኖረ ነው። ሊተች የሚገባውም፣ ከጥንቅሹ እምነት ይልቅ፣ ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው።

ስሕተት የለበትም ቢባል እንኳ ዓረፍተ ነገሩ የሚያስረዳው ነገር የለም። ሕዝቡ ከሚበላውና ከሚጠጣው ሁሉ መካከል ለምን ጥንቅሽን ለይቶ ከሰሰ? ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ በትክክል የመለሰ ሰው፣ ከዚያው ጋር አያይዞ ጥንቅሹንም የሚጠራው ስለ ምን ነው? «ስላልተማረ» የሚለው መልስ ለሁለቱም ጥያቄዎች አይበቃም።

ለራያ ቆላ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። የቆቦ–ጨርጨር ሸለቆ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የወባ መቆጣጠሪያ የሙከራ ፕሮጀክቶች ከተጀመሩባቸው ጥቂት ቦታዎች፣ ማለትም ከደምቢያ፣ ከአዋሽ ሸለቆና ከጋምቤላ ጋር የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ የደረሰው ታላቅ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል፤ በማግስቱ ዓመት ሕዝቡ በአጭሩ «ወባ ማጥፊያ» ያለው ድርጅት ተቋቋመ። ዲዲቲ የሚረጩ ሠራተኞች በየቤቱ ገብተው የወጡበት፣ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከዚያም አጎበር የተዳረሱበት አገር ነው። በቆቦና በሮቢት ዙሪያ ስለ ትንኝ ያልሰማ ትውልድ ካለ፣ ያ ትውልድ ዛሬ በሕይወት ያሉት አያቶች ወላጆች ነው። ጥንቅሹ ግን ከመልስ ዝርዝር ውስጥ አልወጣም።

የሥነ ልቡና ሳይንስ በዚህ ረገድ የሚለው አለው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ጋርሲያ ከባልደረባው ከሮበርት ኬሊንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሙከራ፣ አይጦች ጣዕም የተጨመረበት ውኃ ሲጠጡ ብርሃን እንዲበራና ድምፅ እንዲሰማ ተደረገ። ከዚያም ከፊሎቹ እንዲታመሙ፣ ከፊሎቹ በኤሌክትሪክ እንዲነዘሩ ሆነ። የታመሙት ከዚያ ወዲያ የሸሹት ጣዕሙን ነው፤ የተነዘሩት የሸሹት ብርሃኑንና ድምፁን ነው። ሁሉም አይጦች ሦስቱን ምልክቶች በአንድነት አግኝተዋል፤ ነገር ግን ለውስጥ ሕመም የበሉት፣ ለቆዳ ሕመም ያዩትና የሰሙት ተከሰሰ። በጣዕሙና በሕመሙ መካከል ሰዓት ያለፈበት ጊዜ እንኳ ክሱ ጸንቶ መገኘቱ በዘመኑ የነበሩትን የትምህርት ንድፈ ሐሳቦች ያናጋ ነበር። ሳሙኤል ሬቩስኪና ባልደረባው በ1967 ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አሳዩ፤ እንስሳው ከመታመሙ በፊት የለመደውንም አዲሱንም ምግብ በልቶ ከሆነ፣ የሚጠላው አዲሱን ነው።

በሰው ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አይሊን በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ጥናት የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሕፃናት ከሕክምናው በፊት ለየት ያለ ጣዕም ያለው አይስክሬም እንዲበሉ ተደርጎ ነበር። መድኃኒቱ ያስመለሳቸው ልጆች በኋላ አይስክሬሙን እምቢ አሉ። ሕመሙ ከመድኃኒቱ እንጂ ከምግቡ እንዳልመጣ ጠንቅቀው በሚያውቁ አዋቂ ሕሙማን ላይም ይኸው ጥላቻ ተከስቷል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለጤና አስተማሪዎች እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ትክክለኛውን ምክንያት ማወቅ፣ አካል በራሱ መንገድ የተማረውን ክስ አይሰርዘውም።

ይህን ይዞ ወደ ሮቢት ማሳ መመለስ ይቻላል። የሰባት ዓመት ልጅ ወባ ሲይዘው ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተሉታል። እንጀራ በየቀኑ ይበላል፤ ጥንቅሽ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል፣ ጣፋጭና በብዛት የሚመጠጥ ነገር ነው። ልጁ ሲያስመልስም ከሆዱ የሚወጣው ምናልባት ያው ነው። አዲስ፣ ጣፋጭ፣ የቅርብ ጊዜና ከሆድ ጋር የተያያዘ ምግብ፣ የአይጥም የሰውም አእምሮ ሊከስሰው የተዘጋጀው ዓይነት ተከሳሽ ነው።

ትንኟስ? ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ከንድፊያው በኋላ ምልክት የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነው፤ ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ ከዚያ ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜም በጉበት ውስጥ ተደብቆ ወራት ያሳልፋል። ንድፊያው የደረሰው በሌሊት፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ ነው። በዚያ ሌሊት የነደፉት ትንኞች አንድ ሁለት አልነበሩም፤ በበነጋውም አልታመመም። ስለዚህ የጤና ባለሙያው እናቲቱን የሚጠይቃት ነገር ቀላል አይደለም። ትናንት ያየችውን ትታ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የሆነውንና ማንም ያልተመለከተውን፣ በምትለይበት ምልክት ከሌሎቹ የማይለይ አንድ ንድፊያ እንድታምን ነው። ትንኟን የምታምነው በትዝብት ሳይሆን በባለሙያው ላይ ባላት አመኔታ ነው። ጥንቅሹን ግን በዐይኗ አይታዋለች።

ለነገሩ የሕክምናው ዓለም ራሱ በዚህ መንገድ ሲሄድ ኖሯል። በአውሮፓ ቋንቋዎች ወባ የሚጠራበት ስም ከጣልያንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ረግረግ ባለበት ትኩሳት መኖሩን ያስተዋሉ ሐኪሞች ለዘመናት የከሰሱት የረግረጉን ሽታ ነበር። ሮናልድ ሮስ በ1897 ሕንድ ውስጥ በትንኝ ሆድ ዕቃ ላይ ተሕዋሱን በማይክሮስኮፕ እስኪያይ ድረስ ክሱ አልተነሳም፤ ስሙም አልተለወጠም። ዛሬ «የተሳሳተ ግንዛቤ» የሚለውን ሠንጠረዥ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተመራማሪ በርእሱ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አስፍሮ ነው የሚጀምረው።

ከምግብ ጥላቻው ሌላ አንድ የአቆጣጠር ጉዳይ አለ። አንድ ነገር ሌላውን ያመጣል ወይ የሚለውን ለመመለስ አራት ዓይነት ሰዎችን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ጥንቅሽ በልተው የታመሙ፣ በልተው ያልታመሙ፣ ሳይበሉ የታመሙ፣ ሳይበሉም ሳይታመሙም የቀሩ። አእምሮ ግን በተፈጥሮው የሚቆጥረው የመጀመሪያዎቹን ነው። ኖርዌጂያዊው ያን ስሜድስሉንድ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1963 በነርሶች ላይ ፈተነው። የሕሙማንን ሁኔታ የሚገልጹ 100 ካርዶች ሰጥቶ፣ አንድ ምልክትና አንድ በሽታ ዝምድና አላቸው ወይስ የላቸውም ብሎ ጠየቀ። ምልክቱም በሽታውም የተገኙባቸው ካርዶች 37 ነበሩ። ምልክቱ ካለባቸው 70 ሕሙማን በሽታው የተገኘው በ53 በመቶው ላይ ሲሆን፣ ምልክቱ ከሌለባቸው 30ዎቹ ደግሞ በ57 በመቶው ላይ ነው። ማለትም ምልክቱ ምንም አይጠቁምም። ይሁንና አብዛኞቹ ነርሶች ዝምድና አለ ብለው ደመደሙ፤ ማስረጃቸውም እነዚያ 37ቱ ካርዶች ነበሩ።

እነዚህ የሰለጠኑ የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ካርዶቹም በእጃቸው ነበሩ። የሮቢት እናት ካርድ የላትም። በጥቅምት ወር በማሽላ አገር ጥንቅሽ ያልቀመሰ ልጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ «ምን በልቶ ነው?» ተብሎ ለሚጠየቅ የታመመ ልጅ ሁሉ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በልተው ደኅና የዋሉት ልጆች ማንም አይጠይቃቸውም።

እስከዚህ ድረስ የተባለው እምነቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ እንጂ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጥ አይደለም። ከባለሙያዎች አብዛኞቹ የሚዘሉትም ይህንን ነው። የማሽላ ማሳ በሚያሸትበት ወቅት ከወፍ፣ ከዝንጀሮና ከጃርት መጠበቅ አለበት። ጠባቂው፣ ብዙ ጊዜም ጎረምሳው ልጅ፣ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይውላል፤ አንዳንዱም እዚያው ያድራል። ማማ ላይ አጎበር አይዘረጋም። የአገሪቱ ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፌለስ አረቢያንሲስ ደግሞ ከቤት ውጭም፣ ገና ከምሽቱም የምትናደፍ ትንኝ ናት። ማሳ ውስጥ የሚያመሽ ልጅ ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቅሽ ይበላል፤ ከሌሎቹ ይልቅም ይነደፋል። ስለዚህ በአካባቢው አራቱንም ዓይነት ሰዎች በትክክል የሚቆጥር ጥናት ቢካሄድ፣ ጥንቅሽ የሚያበዙ ልጆች በእርግጥም ከሌሎቹ ይልቅ በወባ የሚያዙ ሆነው ቢገኙ የሚያስገርም አይሆንም። አገዳው ጥፋተኛ ባይሆንም ወንጀሉ በተፈጸመበት ቦታ የተገኘ ምስክር ነው። ምስክሩን «የተሳሳተ ግንዛቤ» ብሎ ማሰናበት ሌሊቱን ማማ ላይ ያደረውን ልጅ አብሮ ማሰናበት ይሆናል።

ይህ ባዶ መላምት እንዳልሆነ በጎጃም የሆነው ነገር ያመለክታል። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ ከደረሰ በኋላ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች የሕሙማኑን መዝገብ ከሰብሉ ጋር አነጻጽረው በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው አካባቢዎች የወባ ሕመምተኛ ቁጥር በቆሎ ጥቂት ከሆነባቸው 9.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አስቀድሞም የትንኝ እጮች በውኃ ላይ የሚበንነውን የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ተመግበው በፍጥነት እንደሚያድጉና ብዙዎቹ ለአካለ መጠን እንደሚደርሱ ተረጋግጦ ነበር። ማሽላ በቆሎ አይደለም፤ ብናኝም አገዳ አይደለም፤ መምጠጡም ወባ አያመጣም። ነገር ግን በሰብሉና በበሽታው መካከል አንዳች ነገር አለ ሲል የኖረው ገበሬ፣ ምንም የለም ሲለው ከኖረው ባለሙያ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ሆኖ የተገኘበት ቦታ መኖሩን መካድ አይቻልም። ያጣው መንገዱን ነው፤ ግንኙነቱን አይቶታል።

በሐኪሙ በኩል ያለውን ነገር ደግሞ እንመልከት። በየክሊኒኩ በአንድ ጊዜ የዋይዳል ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው በሽተኛ ቁጥር ስፍር የለውም። የደም ካልቸር ሳይደረግ፣ ያለ ሁለተኛ ናሙና፣ በሽታው በሰፈነበት አካባቢ የአንድ ጊዜ ዋይዳል ውጤት ብዙ እንደማያስረዳ እያንዳንዱ የሕክምና ተማሪ ተምሯል። ነገር ግን በሽተኛው አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ በአምስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ ሐኪሙም ምርመራው እንደሠራ ይቆጥራል። ያልተሻለው ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ አይቆጠርም። መድኃኒት ሳይወስድ በአምስተኛው ቀን የተሻለው ደግሞ ቀድሞውኑ አልመጣም። ከአራቱ ረድፎች ሐኪሙ የሚያየው አንዱን ነው። በዳማከሴ ጭማቂ የተሻለ ምችና በአንቲባዮቲክ የተሻለ እንዲህ ያለ «ታይፎይድ» በአስተሳሰብ ረገድ መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ልዩነታቸው ሁለተኛው ገንዘብ ማስወጣቱና ተሕዋስያንን ከመድኃኒት ጋር ማላመዱ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ መገጣጠሚያዬ ይታመማል የሚለውን እምነት ካናዳዊው ሐኪም ዶናልድ ሬደልማየርና የሥነ ልቡና ሊቁ አሞስ ቴቨርስኪ በ18 ሕሙማን ላይ ለ15 ወራት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ምንም ዝምድና አላገኙም። በሽተኛው ይህን ሲናገር ራሱን በአዎንታ የነቀነቀ ሐኪም ግን ስንት ነው?

በእርግጥ በሥነ ልቡና ጥናቶች ላይም መጠንቀቅ ያሻል። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳሳሰቡት የዚህ ሳይንስ ግኝቶች አብዛኞቹ ከምዕራባውያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰበሰቡ ናቸው፤ ከዚያ ተነስቶ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ መናገር ያደናግራል። ሆኖም ከአፍሪካ የተገኙትም ያንኑ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ክሪስቲን ሌጋሬና ሱዛን ጌልማን በደቡብ አፍሪካ ስለ ኤድስ ያደረጉትና በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ቫይረሱን እያወቁ መተትንም አብረው እንደሚጠሩ አሳይቷል፤ እንዲያውም መተትን የሚጠቅሱት ከሕፃናት ይልቅ አዋቂዎቹ ነበሩ። አዲስ ዕውቀት የቀድሞውን አስወጥቶ አይገባም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። ስለዚህ ትንኝንም ጥንቅሽንም የጠራች እናት ግማሽ ዕውቀት ያላት ተደርጋ መቆጠሯ የጥያቄው ቅጽ ጉድለት ነው።

የቅጹ ትልቁ ጉድለት ግን ይህ አይደለም። በአንድ ረድፍ «የተሳሳተ ግንዛቤ» ተብለው የሚደመሩት እምነቶች በሚያደርሱት ጉዳት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ልጇ ጥንቅሽ በልቶ ወባ እንደያዘው የምታምን እናት የበሽታውን ስም አላጣችም። ወባ ነው ብላ ወደ ጤና ኬላ ካመጣችው፣ ጣቱ ተወግቶ ይመረመራል፤ መድኃኒቱንም ያገኛል። እምነቷ የሚጎዳው መከላከሉን ነው፤ አገዳውን ከልክላ አጎበሩን ችላ ልትል ትችላለች። ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቶ የሚያንዘፈዝፈውን ልጅ ግን ልክፍት ነው ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ ወባ የሚለውን ስም ጭራሽ አያነሳም፤ በታንዛኒያ «ደገደገ» የሚባለው የሕፃናት መንዘፍዘፍ ብዙውን ጊዜ ከወባ ተነጥሎ ወደ ባህል ሐኪም እንደሚወሰድ በጥናት ታውቋል። በእኛው አገር በቡታጅራ አካባቢ ዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ሲገኙ፣ ጠበል፣ ቅጠላ ቅጠልና ክታብ የተለመዱ ሕክምናዎች ነበሩ፤ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ናቸው። የሚንዘፈዘፍ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ይህ ቁጥር ይናገራል። በከባድ ወባ ለተያዘ ሕፃን አንድ ሌሊት ሕይወት ነው። በዕውቀት መለኪያ ቅጹ ግን የጥንቅሿ እናትና የልክፍቱ ቤተሰብ እኩል አንድ አንድ ነጥብ ይቀነስባቸዋል።

እንዲህ ያለው አቆጣጠር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኢትዮጵያ ለዓመታት ሲቀንስ የነበረው ወባ እንደገና አገርሽቶ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የሚዘጋጅ ትምህርት የትኛው እምነት ልጅ እንደሚገድልና የትኛው እንደማይገድል ለይቶ ማወቅ አለበት።

የትምህርቱን አሰጣጥ በተመለከተም ሥነ ልቡናው አንድ ጠቃሚ ነገር ይዟል። ሆሊን ጆንሰንና ኮሊን ሳይፈርት እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ስለ አንድ የመጋዘን ቃጠሎ እንዲያነቡ ተደረገ። በመጀመሪያ ቃጠሎውን አንድ ነገር እንዳስነሳው ተነገራቸው፤ ቆይቶም ያ ነገር በቦታው እንዳልነበረ ታረመላቸው። «አልነበረም» ብቻ የተባሉት ስለ ቃጠሎው ሲጠየቁ ወደ ተሻረው ምክንያት ተመለሱ። በምትኩ ሌላ ምክንያት የተሰጣቸው ግን በብዛት ተላቀቁት። አእምሮ የምክንያት ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቀር አይወድም፤ የተሻረውን መልሶ ያስገባዋል። «ወባ ጥንቅሽ በመብላት አይመጣም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፖስተር የሚያደርገው ቦታውን ባዶ ማድረግ ነው። ለእናቲቱ ያልተመለሰላት ጥያቄ ታዲያ ለምን ሁለቱ በአንድ ሰሞን ይመጣሉ የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ማሽላውን ያሳደገው ዝናብ ኩሬውንም ሞልቶታል። ይህን ለማስረዳት ፖስተር አያስፈልግም፤ የማሳውን ዳርቻ ማሳየት ይበቃል።

ማስረጃውንም ቢሆን ከውጭ ማምጣት አያሻም። ጥንቅሽ ያልነካ፣ ጡት ብቻ የሚጠባ የአራት ወር ሕፃን በወባ የተያዘበት ቤት በየቀበሌው አለ። ከአራቱ ረድፎች የተዘነጋው ሦስተኛው ረድፍ፣ ሳይበሉ የታመሙት፣ በእናቶቹ እቅፍ ውስጥ ነው ያለው። የቆቦ–ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ መስኖም ውኃውን ወደ በጋ ወራት እያሻገረው ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ለከብት ከተሰጠ በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲመጣ ክሱ ተከሳሽ ያጣል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችውና በ2022 በድሬዳዋ የበጋ ወረርሽኝ ያስከተለችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ በመሆኗ ማሳም ክረምትም አትጠብቅም። ወደ ራያ ከዘለቀች የወባና የጥንቅሽ ግጥምጥሞሽ ራሱ ይፈርሳል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጥቅምት ወር ወደ አንድ ቤት ስትገባ «ወባ ከምን ይመጣል?» ብላ መጠየቋን ብትተው የምታጣው ነገር ጥቂት ነው። ከባለቤቲቱ ጋር ቁጭ ብላ ልትጠይቅ የሚገባት ሌላ ነው። «እትዬ፣ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ማማ ላይ ያደረው ማን ነው? አጎበሩስ በዚያ ሌሊት የት ነበር? ትንሹን ያመመው ጊዜ ጥንቅሽ ቀምሶ ነበር ወይ?» የመጨረሻውን ጥያቄ ስትመልስ እናቲቱ ራሷ ልታስብበት ትጀምራለች።